ዳገቱና ፍል ውሃው

የልጄ ልጅ፣ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ቦርሳሽን በሩ ሥር ጥለሽ፣ ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ አልጋ ላይ ጥቅልል ብለሽ ተኛሽ። «ምን ሆንሽ?» ስልሽ «ምንም» ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ጉልበትሽን ከሆድሽ አጣብቀሽ ከንፈርሽን ነክሰሻል፤ ግንባርሽ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እኔም ሴት ነኝና ገባኝ። ያን ሰዓት ላስጨንቅሽ አልፈለግሁም፤ ሕመም ላይ ያለ ሰው እጅ ይዞ ዝም የሚለው ሰው እንጂ መካሪ አይፈልግም። ዛሬ ግን ቁርጠቱ ትቶሻል፤ ቡናውም ፈልቷል። ቁጭ በይና ስሚኝ።

መጀመሪያ «ምንም» ስላልሽው ቃል ልንገርሽ። እኔም ያደግሁት በዚሁ ቃል ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ክፉ ሰው አልነበረችም። ከእናቷ የሰማችውን ነው የነገረችኝ፤ «ሴት ልጅ ቻይ ናት፤ ዋጥ አድርጊው» ትለኝ ነበር። እኔም ዋጥ አደረግሁት። መቻልን አልነቅፍም፤ በመቻል ነው እዚህ የደረስኩት። መቻል ያለብን ግን መላ የሌለውን ነገር ነው። መላ እያለው የሚዋጥ ሕመም ትዕግሥት አይባልም፤ በከንቱ መጎዳት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለዚህ ነው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ ደግሞ፤ አንቺ ካለመናገር የቀረብሽ የሒሳብ ፈተናሽ ነው።

ደግሞም ብቻሽን አይደለሽም። በደብረ ማርቆስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃና የመሰናዶ ሴት ተማሪዎችን የጠየቀ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ ከ10 ልጃገረዶች ወደ 7 የሚጠጉት የወር አበባቸው ሲመጣ እንደሚያማቸው ተናግረዋል። ይህን ያነበበችልኝ ነርሷ አክስትሽ ናት። እንግዲህ አስቢው፤ ክፍልሽ ውስጥ 20 ሴቶች ካላችሁና ያ ሒሳብ ለእናንተም ከሠራ፣ 14ታችሁ በየተራ «ምንም» እያላችሁ ወደ ግድግዳ ትዞራላችሁ ማለት ነው።

ቋንቋችን ይህን ነገር «አበባ» ብሎ ጠርቶታል። በየወሩ የሚመጣ አበባ። ያላበበ ዛፍ አያፈራም፤ ስሙን ያወጣው ሰው አላፈረበትም። ቤተ ክርስቲያናችን በዚያ ወቅት ወደ ውስጥ እንዳንገባ ሥርዓት አላት፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ከቅጥሩ ቆሜ ጸልያለሁ፤ ወደፊትም አደርገዋለሁ። ሥርዓቱ ግን የት እንደምንቆም ይነግረናል እንጂ «ሕመማችሁን ደብቁ» አይለንም። ሁለቱን አታምታቺ።

የተቀመጥንባት ከተማም ስሟ አበባ ነው። ታሪኩን ትምህርት ቤት ተምረሽዋል፤ እኔ ግን በሌላ በኩል ላሳይሽ። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከተማቸው እንጦጦ ላይ ነበረች፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ብርዱ አጥንት የሚሰረስር ተራራ ላይ። ዳገቱ ለጠላት አይመችም፤ ለሰውነት ግን ይከብዳል። ስለዚህ መኳንንቱም ሕዝቡም እየወረዱ በፍል ውሃ ይታጠቡ ነበር፤ ሪህ ያሠረው ይፍታታል፣ ብርድ ያቆረፈደው ይለዝባል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ እዚያው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ አድርገው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። ከተማዋ ከተራራው ሙቀት ፍለጋ ወርዳ የቀረች ናት ማለት ነው። አበባ፣ ዳገትና ፍል ውሃ፤ የምመክርሽ ሁሉ በእነዚህ ሦስቱ ውስጥ አለ።

አሁን ሆድሽ ውስጥ የሚሆነውን ልንገርሽ፤ ሰው የማያውቀውን ነገር አብዝቶ ይፈራልና። ማሕፀን የጡንቻ ከረጢት ናት። በየወሩ ለፅንስ የሚሆን አልጋ ታነጥፋለች፤ ፅንስ ካልመጣ ንጣፉን አፍርሳ ትጥላለች። ንጣፉ ሲፈርስ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣል፤ ማሕፀኗን «ጭመቂ፣ ጭመቂ» የሚላት እሱ ነው። ነጠላ አጥበሽ ስትጠመዝዢው እንዴት እንደሚጨማደድ ታውቂያለሽ፤ እንደዚያ ትኮማተራለች። ስትኮማተር የራሷን የደም ሥሮች ትጫናለች፤ ደምና ኦክስጅን ያጠረው ጡንቻ ደግሞ ያማል። ቁርጠት የምንለው ይኸው ነው። ንጥረ ነገሩ ከበዛ ሕመሙ ይብሳል፤ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ ራስ ምታትም ያመጣል። ወገብና ጭን ድረስ የሚዘልቀውም ከዚያው ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ብዙውን ጊዜ የወር አበባ ከታየ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ቆይቶ ይጀምራል፤ ደሙ ሊመጣ ሲል ወይም ሲመጣ ይነሳና ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ይለቃል። ከጀርባው ሌላ በሽታ የለበትም። ሕመሙ ግን እውነተኛ ሕመም ነው፤ «ምናብሽ ነው» የሚልሽን ሰው አትስሚ።

ይህን ሁሉ በሳይንስ ሳልሰማው በፊት እንጦጦ ላይ ተምሬው ነበር። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ይሆናል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር በላይ ካለው ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅመን፣ አስረን፣ በጀርባችን ተሸክመን እንወርዳለን። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሸክሜን እንደተሸከምኩ፣ ሆዴን አንዳች ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ሸክሜን አፋፍ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ፤ ዐይኔ ጭልም አለ። አብረውኝ ያሉት ስድስት ልጆች «ተነሺ፣ ጥለንሽ እንሄዳለን» ይላሉ፤ እኔ «ምንም» እላለሁ።

አንዲት ትልቅ ሴት ከኋላ ደረሱ። አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ገመዱን ከደረቴ ፈቱና ሸክሜን አወረዱ። ዞር ዞር ብለው ፀሐይ ያሞቀው እጅ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሱ፤ በጉንጫቸው ለኩት፤ እንዳያቃጥለኝ መሆኑ ነው። መቀነታቸውን ፈትተው ድንጋዩን ጠቀለሉና ከእምብርቴ በታች አድርገው አሰሩልኝ። ከዚያ በጎኔ አስተኝተው ወገቤን በመዳፋቸው ከላይ ወደ ታች ያሹኝ ጀመር። «ተንፍሺ» አሉኝ፤ «እንደ ፈራ ሰው አትተንፍሺ፤ እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን ተንፍሺ።» ጥቂት ቆይቶ የተጨበጠው ነገር ሲላላ ተሰማኝ። «አሁን ተነሺና ያለ ሸክም ቀስ እያልሽ ሂጂ፤ ተኝተሽ አትቅሪ» አሉኝ። የእኔን ቅጠል በትነው ለስድስቱ ልጆች ትንሽ ትንሽ አካፈሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ። ታች እስክንደርስ በእግሬ ሄድኩ፤ ታች ስደርስ ሕመሙ የቀድሞው አልነበረም።

ሙቀት፣ የላላ ትንፋሽ፣ ቀስ ያለ እንቅስቃሴ፣ የተካፈለ ሸክም። ሃምሳ ምናምን ዓመት አለፈው፤ ከዚያ የተሻለ መድኃኒት ይዞልኝ የመጣ ሰው ግን ጥቂት ነው።

አሁን አንድ በአንድ እንያቸው። ከዳገቱ እንጀምር።

ሰውነት ሲንቀሳቀስ ደም ይዘዋወራል፤ የታነቀው ጡንቻ ይተነፍሳል። አእምሮም ሕመም የሚያስታግስ የራሱን ንጥረ ነገር ያመነጫል። አክስትሽ አንብባ የነገረችኝ ሌላ ነገር አለ። የዓለምን ጥናቶች እየሰበሰበ የሚመዝን ኮክሬን የሚባል ተቋም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ በሳምንት 3 ቀን ያህል፣ በየጊዜው ከ45 እስከ 60 ደቂቃ የሚንቀሳቀሱ ሴቶች የወር አበባ ሕመማቸው በሚታይ መጠን ሊቀንስ እንደሚችል አግኝቷል፤ ከ100 በሚቆጠር የሕመም መለኪያ ወደ 25 ያህል ዝቅ ይላል። ጥናቶቹ ገና ጠንካራ አይደሉም፤ እሱንም ሳትደብቅ ነግራኛለች። ግን አስቢው፤ ዋጋው ጫማና ጊዜ ነው፤ ትርፉ ደግሞ ለልብሽም፣ ለእንቅልፍሽም፣ ለትምህርትሽም ነው። ቢሳሳት እንኳ የሚያከስር ምክር አይደለም።

ሸክምና ስፖርት ግን ሁለት መሆናቸውን አትርሺ። ከ30 ኪሎ በላይ እንጨት በጀርባ አዝሎ ቁልቁል መውረድ ወገብ ይሰብራል እንጂ አያጠነክርም። ያ ሥራ የሴቶቻችንን ጉልበት በልቷል፤ ከዚያ ወጥተው በማኅበር ተደራጅተው ሸማ እየሸመኑ የሚሸጡ ሴቶችን ሳይ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። እኔ የምልሽ ባዶ እጅሽን፣ ደረትሽን ከፍተሽ፣ በፈቃድሽ የምትሄጂውን ነው። አያትሽ በሸክም የወረደችውን መንገድ አንቺ በጤና ትወጪዋለሽ።

መንገዱ ደጃችን ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ የሚወጣው ዳገት አለ። በየካ በኩል ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚያወጣው አለ፤ ከአለት የተፈለፈለውን ጥንታዊውን ቤተ መቅደስ አይተሽ ትመለሻለሽ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ የተስተካከለ መሄጃ አለው። በማለዳ እዚያ ብትወጪ አትሌቶቹ በባሕር ዛፉ መካከል ትንፋሻቸው እየጨሰ ሲያልፉሽ ታያለሽ። ከእነሱ መካከል ሴቶች ብዙ ናቸው፤ እነሱም አበባቸው በየወሩ ይመጣል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ እኔ ሬዲዮ አጠገብ ሆኜ እንባዬን መግታት አቅቶኝ ነበር። ሴት ልጅ ስትሮጥ ሀገር እንደሚቆም ያየሁት ያን ቀን ነው።

አንቺ ግን ደራርቱን ልሁን ብለሽ አትነሺ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንዳይሆንብሽ። በመጀመሪያው ሳምንት 15 ደቂቃ ይበቃሻል። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ሚኒባሱን ሁለት ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂና በእግርሽ ነይ። በሚቀጥለው ሳምንት 20 አድርጊው። እየሄድሽ ከጓደኛሽ ጋር ማውራት የምትችይ፣ መዝፈን ግን የሚከብድሽ ከሆነ ልኩ እሱ ነው። ዳገቱ ላይ አየሩ ስስ ነውና ትንፋሽ ካጠረሽ ቁሚ፤ መቆም ነውር አይደለም። ብቻሽን አትውጪ፤ ሲጨልምም ሆነ ሳይነጋ አትውጪ፤ እንጦጦ ጅብ አለው፤ ከጅብ የከፋ ሰውም አይጠፋም። ሦስት አራት ሆናችሁ ውጡ። ዝናብ ከሆነ ቤት ውስጥ ገመድ ዝለዪ፤ ወይም በሩን ዘግተሽ ሙዚቃ ክፈቺና እስክስታውን ውረጂው። ትከሻሽና ወገብሽ እስኪሞቅ የተጨፈረ እስክስታ ከማንም ስፖርት አያንስም። በየዓመቱ መጋቢት አካባቢ የሚካሄደው «ቅድሚያ ለሴቶች» የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሴቶች በሺዎች ሆነው የሚሮጡት። ለእሱ ብለሽ ከጓደኞችሽ ጋር ብትለማመዱ መነሻ ይሆናችኋል።

ዋናው ነገር ግን እንቅስቃሴው የሕመሙ ቀን ብቻ የሚደረግ አለመሆኑ ነው። ወሩን ሙሉ ተቀምጦ ሕመሙ ሲመጣ መሮጥ፣ ዘር ሳይዘሩ አዝመራ መጠበቅ ነው። በሁለትና ሦስት ወር ልዩነቱን ታይዋለሽ፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። በሕመሙ ቀን ቀለል ያለ እርምጃ ይበቃል፤ ግቢ ውስጥ ዞር ዞር ማለትም ቢሆን። ዕረፍት ካማረሽ ደግሞ እረፊ፤ ሰውነትሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ዳገቱ ይህ ነው። አሁን ወደ ፍል ውሃው እንውረድ።

ሙቀት የተጨበጠ ጡንቻን ያላላል። ይህን ደግሞ ሐኪሞች ለክተውታል፤ ሆድ ላይ የሚታሰር ወደ 39 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት፣ አይቡፕሮፌን ከሚባለው ማስታገሻ የማይተናነስ ዕርዳታ እንደሰጠ ያሳየ ጥናት አለ። ቤታችን ውስጥ ምን ችግር አለ? ሃይላንድ ውስጥ ለብ ካለ ትንሽ ሞቅ ያለ ውሃ ሙዪ፤ የፈላ ውሃ አታድርጊበት፤ ፕላስቲኩ ይኮማተራል፤ ከፈሰሰም ይልጥሻል። ክዳኑን አጥብቀሽ በፎጣ ጠቅልይው፤ መጀመሪያ በጉንጭሽ ለኪው፤ ከዚያ ከእምብርትሽ በታች አድርገሽ በመቀነት እሰሪው። ሲቀዘቅዝ ቀይሪው። ወገብሽን የሚያምሽ ከሆነ ከኋላ አድርጊው። ገላሽን በሞቀ ውሃ መታጠብም ያው ነው። ብርድ ነው ብለሽ ግን የከሰል ምድጃ ይዘሽ በር ዘግተሽ አትተኚ፤ የከሰል ጢስ ሳያስነጥስ የሚገድል ነገር ነው።

ሙቀቱ እንደታሰረ ሦስት ነገር አድርጊ። ምንጣፍ ላይ ተንበርክከሽ፣ ተረከዝሽ ላይ ተቀምጠሽ፣ ለስግደት እንደምትደፊው ግንባርሽን ምድር አስነኪ፤ እጅሽን ወደፊት ዘርጊ፤ ወገብሽ ሲሳብ ይሰማሻል። ከዚያ በእጅና በጉልበትሽ ቁሚና ድመት ከእንቅልፏ ስትነሳ እንደምታደርገው ጀርባሽን ቀስ ብለሽ ወደ ላይ አጉብጪ፣ ደግሞ ወደ ታች ልቀቂ፤ ዐሥር ጊዜ ያህል። በመጨረሻ በጀርባሽ ተኝተሽ ሁለት ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ አቅፈሽ ግራና ቀኝ ተወዛወዢ። የሚያም ነገር ካለ ተዪው፤ ይህ መላላት እንጂ መታገል አይደለም።

ትንፋሹ ደግሞ እኒያ ሴትዮ እንዳስተማሩኝ ነው። አንድ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፤ ሆድሽ እጅሽን ከፍ ያድርገው። እስከ 6 እየቆጠርሽ በቀስታ አስወጪ። አምስት ደቂቃ እንዲህ አድርጊ። ከዚያ ከእግር ጣትሽ ጀምረሽ ጡንቻሽን ጨብጠሽ እስከ 5 ቁጠሪና ልቀቂው፤ ባትሽን፣ ጭንሽን፣ ሆድሽን፣ እጅሽን፣ ትከሻሽን፣ መንገጭላሽን። ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከ100 ዓመት በፊት ገደማ ያስፋፋው ዘዴ ነው። ጥቅሙ ምንድነው ትይኛለሽ? ሕመም የሚጠብቅ ሰው ሳያውቀው ሰውነቱን ሁሉ ይጨብጣል፤ ጥርሱን ይነክሳል፣ ትከሻውን ይሰቅላል። አንዱ ጭብጥ ሌላውን ይጠራል። ማሕፀንሽን ማዘዝ አትችይም፤ መንገጭላሽን ግን ማዘዝ ትችያለሽ። ከሚታዘዝልሽ ጀምሪ።

ከዚህም ሌላ የምልሽ አለ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። በደብተርሽ ጀርባ ቀኑን ጻፊ፤ መቼ መጣ፣ ስንት ቀን ቆየ፣ ሕመሙ ከ10 ስንት ነበር። ሦስት ወር ከጻፍሽ መቼ እንደሚመጣ ትገምቻለሽ፤ ሃይላንድሽንና ሞዴስሽን አዘጋጅተሽ ትጠብቂዋለሽ። ማስታገሻም ካስፈለገሽ ነገሩ ያው ነው። አይቡፕሮፌን የፕሮስታግላንዲኑን መመረት ስለሚቀንስ ሕመሙ ገና ሲጀምር ሲወሰድ ነው የሚረዳው፤ እሳቱ ጣሪያ ከደረሰ በኋላ አይደለም። በባዶ ሆድ ግን እንዳትወስጂ። ጨጓራ፣ አስም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት ልጅ ሐኪም ሳትጠይቅ አትነካውም። መጠኑን የፋርማሲ ባለሙያዋን ጠይቂያት፤ ሞዴስ ስትገዢ እንደማታፍሪው ይህንም አትፈሪ። ጾም ከሆነ ለነፍስ አባትሽ ንገሪ፤ ለታመመ ሰው መላ አላቸው።

ዝንጅብል በሻይ ጠጪ፤ ጥሩ ነው፤ ማቅለሽለሹንም ያስታግሳል። ጤና አዳምን በቡና ጣል ማድረግ የለመድነው ነው፤ ጨምቆ በብዛት መጠጣት ግን ልክ አይደለም፤ እርጉዝ ለሆነችማ አደገኛ ነው። ቡናውም ሕመምሽን የሚያብስ ከመሰለሽ አቦሉን ለእኔ ተዪና በረካውን ቅመሺ።

አሁን ደግሞ በደንብ ስሚኝ፤ ዳገትም ፍል ውሃም የማይመልሱት ሕመም አለ። ሕመሙ ከወር ወደ ወር እየባሰ ከሄደ፤ ማስታገሻ ወስደሽ፣ ሙቀት አስረሽ አሁንም ከትምህርት ቤት የሚያስቀርሽ ከሆነ፤ አንድ ሞዴስ በሰዓት ውስጥ የሚርስ ከሆነ፤ ትኩሳት ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካለ፤ የወር አበባሽ በሌለበትም ሆድሽን የሚያምሽ ከሆነ፤ ሽንትሽንና ሰገራሽን ስታስወጪ የሚወጋሽ ከሆነ፤ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። አብሬሽ እሄዳለሁ። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ የማሕፀንን ንጣፍ የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ የሚበቅልበት። ብዙ ሴቶች «የተለመደ ነው» እየተባሉ ዓመታት የሚያልፉበት ነው። ደግሞ ዕድሜዋ ደርሶ ደም ሳታይ በየወሩ ሆዷን የሚያማት ልጅ ካለች፣ መውጫው ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና ፈጥና መታየት አለባት። ይህን ለጓደኞችሽም ንገሪ።

አንድ ምክር ደግሞ እንዳትቀበዪ እለምንሻለሁ። «ስታገቢ ይተውሻል፣ ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚሉ ሰዎች ይገጥሙሻል። ከወለዱ በኋላ የቀለላቸው ሴቶች መኖራቸው እውነት ነው። ግን የ16 ዓመት ልጅን ለሆድ ቁርጠት መዳር ምን ዓይነት ሕክምና ነው? በሀገራችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። እኔ ከገጠር የመጡ የዕድሜ እኩዮቼን አውቃለሁ፤ «ያመኛል» ብለው ተድረው፣ ከአንዱ ሕመም ወደ ሌላው የተሻገሩ። ያ ሲሆን አይቻለሁና ዝም አልልም።

ዝምታው የሚፈታውም እንዲሁ ነው። ፍረወይኒ መብራህቱን አስቢያት። በመቀሌ የሚታጠብ ሞዴስ የሚሠራ ማርያም ሳባ የሚባል ፋብሪካ አቋቁማ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች። ሁሉም ሰው አፍሮ ያላነሳውን ነገር አንስታ ሥራ አደረገችው። እኛ ፋብሪካ ባንሠራ ቃል እንሠራለን። ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ፤ ሴት አሳድጎ ይህን የማያውቅ አባት አባትነቱ ጎዶሎ ነው። ለወንድምሽ አንቺ ንገሪው፤ ነገ ሚስት ያገባል፣ ሴት ልጅ ይወልዳል። ለስፖርት መምህርሽም «ዛሬ ቀለል ያለውን ልሥራ» ማለት ልመጂ። «ጋንን ጠጠር ይደግፈዋል»፤ አንዲት ቃል ብዙ ታቆማለች።

ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞችሽ ጋር ከፈረንሳይ ወደ ላይ ስትወጡ እኔም እስከ መጀመሪያው ኩርባ እሸኛችኋለሁ፤ ከዚያ በላይ ጉልበቴ እሺ አይለኝም። መንገድ ላይ ቅጠል የተሸከመች ልጅ ካገኛችሁ ሰላም በሏት። አፋፍ ላይ ሸክሟን አስደግፋ ተቀምጣ «ምንም» ካለቻችሁ ግን አትለፏት። ገመዷን ፍቱላት። ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ ፈልጉ፤ በጉንጫችሁ ለኩት። ቅጠሏን ተካፈሉት። ለዚህም ብዬ መቀነቴን ከሳጥን አውጥቼ አልጋሽ ራስጌ አስቀምጬልሻለሁ፤ ማክሰኞ ለአንቺ አልደረሰም፤ ከእንግዲህ ለአንቺም ለሌላዋም ይድረስ።

ተነሺና ጉልበቴን ሳሚ፤ ልመርቅሽ። አበባሽ በሰላም ይምጣ፣ በሰላም ይሂድ። ዳገቱ ይለስልስልሽ፤ ውሃው ይሙቅልሽ። ከፈተና የሚያስቀር ሕመም አይያዝሽ። የምትናገሪለት ሰው አይጥፋ፤ የሚናገርልሽ ሰው አይጥፋ። አሜን በይ፣ ልጄ።